አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ቤት

ቤቱ የሚጠይቀው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው።

«እትዬ ሶልያና፣ ዛሬ ብርዱ ይበረታል። ሙቀት ይጨመር?»

እትዬ ሶልያና በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ናቸው። ሹራብ በሹራብ ላይ፣ በሹራቡ ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ የባላቸውን አሮጌ ካፖርት ደርበው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ቀና ሳይሉ ይመልሳሉ።

«አይ፣ ይበቃል። እግዜር ይስጥልኝ።»

«መልካም» ይላል ቤቱ። ሌላ አይጠይቅም።

በዚያችው ደቂቃ ያው ጥያቄ በብሎክ ዐሥራ አንድ ውስጥ በእያንዳንዱ ቤት ይጠየቃል። መልሱም ከሞላ ጎደል ያው ነው። «ደህና ነው።» «እኛ ምን ሆንን?» «ለሌላው ይሁን።» ቤቱ ለሁሉም «መልካም» ይላል፣ ሁሉም ወደየብርድ ልብሱ ይገባል። ደብረ ብርሃን ከጥንትም የብርድ ልብስ ከተማ ናት፤ እትዬ ሶልያና ራሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርተዋል። ስለዚህ የሚደረብ ነገር አጥተው አያውቁም።

ሕንፃው ብልህ ነው። በጣሪያው፣ በወለሉ፣ በመስኮቶቹ ክፈፍ ውስጥ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ገመድ አልባ ሴንሰሮች ተዘርተዋል፤ ነዋሪው «ምስሮቹ» ይላቸዋል። ምስሮቹ በየክፍሉ ስንት ሰው እንደሚተነፍስ ያውቃሉ። ማን እንደተኛ፣ የማን መጥበሻ እንደጋለ፣ ማን ገላውን ታጥቦ እንደወጣ ያውቃሉ። ሰው የሌለበት ክፍል መብራቱ ይጠፋል፣ አየሩም አብሮ ያንቀላፋል። ቀን ግድግዳው ከፀሐይ የተቀበለው፣ ከምድጃና ከሰው ገላ የተረፈው ሙቀት ሁሉ ከመሠረቱ ሥር ወዳለው ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ነዋሪው «ጋኑ» ይለዋል። ማታ ማታ ከጋኑ ለየቤቱ ይቀዳል። ጋን ደግሞ ጋን ነው፤ አንዱ አብዝቶ ከቀዳ ሌላው ይጎድልበታል። በብሎክ ዐሥራ አንድ ይህን የማያምን ሰው የለም።

ሕንፃው በከተማው ካሉት ሁሉ ትንሽ ሙቀት የሚጠቀም ተብሎ በየዓመቱ ይሸለማል። መግቢያው ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ ተሰቅሎለታል። ነዋሪዎቹ በሰሌዳው ሥር ሲያልፉ የኮታቸውን ኮሌታ ቀና ያደርጋሉ፤ ግማሹ ከኩራት፣ ግማሹ ከብርድ።

«ዛሬስ ምን አልሽው?» አሉ ጋሽ ያፌት ከመኝታ ቤት። የእትዬ ሶልያና ባል ናቸው። በጉልምስናቸው መድኃኒት የሚያመላልስ ድሮን ያበሩ ነበር፤ አሁን ከጀምበር መጥለቅ በኋላ ከአልጋ አይወርዱም።

«ምን እለዋለሁ? ይበቃል አልኩት።»

«ለማን ነው የበቃው? እኔ እግሬን ካጣሁት ሰነበትኩ።»

«ካልሲ ደርብ።»

«ደርቤያለሁ። የደረብኩት ካልሲም በርዶታል።»

በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ። ልጃቸው አስካለ ናት፤ ሰኞ ዕለት አዲስ አበባ ሆስፒታል የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ ወልዳለች።

«እማ፣ እንዳትናደጂ።»

«ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች፣ ስትጠባ ነው የምትውለው። ቤቱ ነው። ቤቱ አልፈቀደም።»

«የማን ቤት?»

«የናንተ ቤት።»

እትዬ ሶልያና የያዙትን ቢላዋ አስቀመጡ። አንድ ጨቅላ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ሆስፒታሉ የሚገባበትን ቤት እንደሚጠይቅ ያውቃሉ። ሰውን ሳይሆን ቤቱን። ቤትም ስለነዋሪዎቹ የሚያውቀውን ይመልሳል።

«ምን ብሎ መለሰ?»

«ነዋሪዎቹ ቀዝቃዛ አየር ይወዳሉ አለ። ለዓመታት ሙቀት ሳቀርብላቸው አንድም ቀን አልተቀበሉም፣ ለጨቅላ አይመከርም አለ።»

«ይወዳሉ? ማን ነው የወደደው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ስለዚህ ቅዳሜ ስወጣ መተሐራ ነው የሚልኩኝ፣ እደምሰው እናት ዘንድ። የእሳቸው ቤት ወዲያው ፈቀደ።»

ደምሰው ባሏ ነው። እናቱ ክፉ ሰው አይደሉም። እትዬ ሶልያና ግን ገብሱን ለገንፎ ካስፈጩ፣ ቅቤውን ካነጠሩ፣ የአራሷን ክፍል ቀለም ካስቀቡ ሁለት ወር ሊሆናቸው ነው።

«የበኩር ልጅ ታቅፎ የሚታረሰው እናት ቤት ነው» አሉ።

«እማዬ፣ መተሐራ እኮ ብርድ የለም።»

«እናትሽስ አለች?»

ከአስካለ በስተኋላ ሕፃኗ ስታለቅስ ተሰማ። እትዬ ሶልያና ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ያንን ልቅሶ እስኪያባራ ድረስ አዳመጡ።

በማግስቱ ጋሽ ያፌት ነገሩ ቀላል ነው አሉ። «ማታ ሲጠይቅሽ ይጨመር በይዋ! አለቀ። እስቲ እንለማመድ። እኔ ቤቱ ነኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ ሶልያና፣ ሙቀት ይጨመር?»

«እንግዲህ…»

«እንግዲህ አይደለም። ይጨመር።»

«አፌን ይይዘኛል፣ ያፌት። ስጡኝ ስጡኝ ማለት ምን ይባላል?»

«ቤት እኮ ነው! ቤት ምን ይላል?»

ጀምበር አዘቀዘቀች። ቤቱ እንደወትሮው ጠየቀ። እትዬ ሶልያና ጋቢያቸውን አጠበቁ።

«እንግዲህ… ለሌላው የማይጎድል ከሆነ… ማለቴ…»

«መልሱ ግልጽ አይደለም፤ ባለበት ይቆያል» አለ ቤቱ። «መልካም።»

«ይጨመር!» ብለው ጮኹ ጋሽ ያፌት ከአልጋቸው ሆነው።

«መልካም፣ ጋሽ ያፌት።»

ግድግዳው ቀስ በቀስ እንደ ላም ጀርባ ለብ አለ። ሙቀት ነክቶት የማያውቅ አሮጌ ቀለም ሸተተ። የመስኮቱ መስታወት ላብ አወጣ። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው እጃቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ፤ የተሰረቀ ነገር እንደሚበሉ ልጆች አይተያዩም። ያን ጊዜ ከታች ሳል ተሰማ።

ከታች የሚኖሩት ጋሽ ናታን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ፣ ብቸኛ ሰው።

«ይኸው» አሉ እትዬ ሶልያና። «ከናታን ላይ ቀዳን።»

«ናታን ሁልጊዜ ነው የሚያስለው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም።»

«ሶሊ፣ አራሷ ናት ወይስ ናታን?»

«ናታን ምን በደለ?» አሉና ከቁም ሳጥኑ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አውጥተው ደረጃውን ወረዱ። ጋሽ ያፌት እየተነጫነጩ ተከተሏቸው።

ጋሽ ናታን በራቸውን የከፈቱት በካፖርት፣ በአንገት ልብስና በባርኔጣ ነው። ከቤታቸው የወጣው አየር ከደረጃው አየር ይቀዘቅዛል።

«ጋሽ ናታን፣ ይቅር ይበሉን» አሉ እትዬ ሶልያና ብርድ ልብሱን እየሰጡ። «ሙቀትዎን ወሰድንብዎ።»

«የትኛውን ሙቀት?»

«ያሁኑን። እኛ ጨመርን፣ እርስዎ በረደዎ።»

«እኔማ ዛሬ አይደለም የበረደኝ። ወደዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በርዶኛል።»

«ታዲያ ሲጠይቅዎ ምን ይሉታል?»

«ይበቃል ነዋ! ያፌት እግሩን ያመዋል፣ አራስ ይመጣባቸዋል፣ እኔ አንድ ነፍስ ምን አለብኝ ብዬ። ለእናንተ ብዬ እኮ ነው።»

«እኛ ደግሞ ለእርስዎ ብለን» አሉ እትዬ ሶልያና።

ከዚያ ጋሽ ናታን ቀና ብለው ጣሪያውን ተቆጡት።

«አንተ ቤት! እኔም እምቢ፣ እነሱም እምቢ ካልን ሙቀቱን ማን ወሰደው?»

«ማንም አልወሰደውም» አለ ቤቱ።

«የት ገባ ታዲያ?»

«ጋኑ ሲሞላ በጣሪያው በኩል ይለቀቃል።»

በአሳንሰሩ ወደ ላይ ወጡ። አንዳቸውም ጣሪያው ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ለምን ይወጣሉ? ብርድ ነው። በሩን ሲከፍቱት ግን የሞቀ አየር ፊታቸውን ዳሰሳቸው። በጣሪያው መካከል ካለ ሰፊ የብረት ወንፊት ሙቀቱ እየተትጎለጎለ ወደ ሰማይ ይወጣል። በዙሪያው የከተማው እርግብ ሁሉ ተሰብስቧል፤ የወፈረ፣ የደላው፣ ሰው ሲመጣ እንኳ ለመነሳት የሚሰንፍ እርግብ። አንድ ድመት በመካከላቸው ተጋድሞ ተኝቷል፤ ሊያድናቸው አላሰኘውም።

እትዬ ሶልያና ካፖርቱን አወለቁ፣ ከዚያ ጋቢውን። ጋሽ ያፌት ጫማቸውን አውልቀው በካልሲያቸው ወንፊቱ ዳር ቆሙ። ጋሽ ናታን ባርኔጣቸውን አነሱ፤ ጎረቤቶቻቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፀጉር ያስተካከሉት ሰው መላጣ መሆናቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

«ይህን ያህል ዘመን» አሉ ጋሽ ናታን «እርግብ ስንቀልብ ኖርን ማለት ነው።»

ጋሽ ያፌት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እትዬ ሶልያና አልሳቁም። ቅዳሜ እየደረሰ ነበር።

የሕንፃዎቹን ጤና የሚከታተለው መሥሪያ ቤት አቤቱታቸው ደርሶት በማግስቱ አንዲት ባለሙያ ላከ። የሺእመቤት ትባላለች። የዛሬ ወጣቶች ስም እንዲህ ነው፤ የሺእመቤት፣ አስካለ፣ ደምሰው፤ የቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሶ መጥቶባቸዋል። የአሮጌ ሰው ስም የሚባለው አሁን ሶልያናና ያፌት ነው። ልጅቷ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ከምስሮቹ ጋር ጥቂት ተነጋገረች።

«ሕንፃው አልታመመም» አለች። «እሱ ጠየቃችሁ፣ እናንተ አልፈለጋችሁም።»

«ፈልገን ነበር» አሉ ጋሽ ናታን፤ እሳቸውም ሊሰሙ መጥተዋል።

«ታዲያ ለምን እምቢ አላችሁ?»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። መልሱን ያውቁታል፤ እንዴት እንደሚነገር ግን ማንም አያውቅም።

እትዬ ሶልያና ለአራሷ ካዘጋጁት ጭኮ በሳህን ቆርሰው አመጡ። «ልጄ፣ እስኪ ትንሽ ቅመሽ።»

«አይ እትዬ፣ ጠግቤያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ይህችን ብቻ።»

«ኧረ እውነቴን ነው፣ አሁን ነው የበላሁት።»

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

«ውይ፣ እሺ… ትንሽ ብቻ» አለችና ቆረሰች። ከዚያ ደገመች። ሳህኑ ሊጋመስ ሲል ጋሽ ናታን በጎን ሲያዩዋት ቆይተው ጠየቋት።

«ለመሆኑ እህል ከቀመስሽ መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ» አለች አፏ እንደሞላ።

«ታዲያ ለምን ጠግቤያለሁ አልሽ?»

ማላመጧን አቆመች። ሳህኑን አየች፣ እትዬ ሶልያናን አየች፣ ግድግዳውን አየች። ከዚያ አፏን በእጇ ከድና ሳቋን ለቀቀችው።

«ተግደረደርኩ» አለች። «እናንተም ተግደርድራችኋል! ሕንፃው በሙሉ ሲግደረደር ነው የኖረው!»

«ታዲያ ምን እንበል?» አሉ እትዬ ሶልያና እንደማፈር ብለው። «አንዴ ሲጠይቁት እሺ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? እሱ ደግሞ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቀው።»

«ሰው እምቢ ሲል እምቢ ማለቱ ነው ብለው ነው ያስተማሩት፣ እትዬ።»

«የት አገር ሰዎች ናቸው ያስተማሩት?»

«አንዴ ሲጠየቁ የሚበሉ።»

ሳቁ ሲበርድ ልጅቷ ወደ መስኮቱ ሄዳ ወደ ታች፣ ወደ መግቢያው አየች።

«ያንን ሰሌዳ የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሥራ ስጀምር የመጀመሪያዬ ነው። ውጤቱ የሚለካው ነዋሪው በተጠቀመው ነው። ወደ ሰማይ የሄደው ሙቀት አይቆጠርም። ሰዉ መሞቅ ከጀመረ ሰሌዳው ይወርዳል።»

«ለእርግብ ከሚሰጥ ለሰው ቢሰጥ ምን ክፋት አለው?» አሉ ጋሽ ያፌት።

«ክፋት የለውም። እኔ ነኝ እንጂ ማስረዳት ያለብኝ።» ዞራ እትዬ ሶልያናን ተመለከተች። «ለአራስ ነው ያላችሁኝ?»

«ለአራስ።»

«የበኩር ልጅ?»

«የበኩር።»

የሺእመቤት ካፖርቷን አውልቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሆስፒታሉ ዓርብ ማታ ቤቱን ዳግመኛ እንዲጠይቅ ማድረግ እችላለሁ አለች። ያን ሌሊት ሕንፃው ሞቆ ካደረ ቤቱ መልሱን ይለውጣል። ግን ሁሉም ቤት መሞቅ አለበት፤ አንዱ ብቻ ቢሞቅ የጎረቤት ግድግዳ ሙቀቱን ሲጠጣበት ያድራል።

«በየቤቱ ዞረን እንንገራቸዋ!» አሉ ጋሽ ያፌት።

«ለልጄ ስትሉ ሙቁ ብዬ በየበሩ ልቁም?» አሉ እትዬ ሶልያና። «አላደርገውም።»

«እንግዲያው ቤቱ ራሱ ይለምናቸው» አለች የሺእመቤት። «ስንት ጊዜ ነው የሚለመነው?»

ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ። ጋሽ ናታን ሁለቴ አይበቃም አሉ፤ ሁለተኛው እምቢታ ለወግ ነው። ጋሽ ያፌት አራተኛው ልመና ድርቅና ነው አሉ። እትዬ ሶልያና ዋናው ቁጥሩ አይደለም፣ ድምፁ ነው አሉ፤ የመጀመሪያው እንደ ጥያቄ፣ ሁለተኛው እንደ ልመና፣ ሦስተኛው እንደ ቁጣ መሆን አለበት። የሺእመቤት ሁሉንም ለምስሮቹ አስተማረች። በመካከሉ ጭኮው አለቀ።

ዓርብ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ባልና ሚስቱ ሳሎን ውስጥ እንደ ፈተና ተማሪ ተቀምጠዋል።

«እትዬ ሶልያና፣ ሙቀት ይጨመር?»

«አይ፣ ይበቃል» አሉ እትዬ ሶልያና። ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው የደነገጡት። ጋሽ ያፌት ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

ቤቱ ግን «መልካም» አላለም።

«ኧረ ትንሽ» አለ።

«ደህና ነን እኮ» አሉ እትዬ ሶልያና፣ አሁን ሳቅ እየተናነቃቸው።

«ምን ማለትዎ ነው፣ እትዬ!» አለ ቤቱ በቁጣ። «በሞቴ!»

ከታች የጋሽ ናታን ድምፅ በወለሉ በኩል መጣ። «አንተ ደግሞ ምን ሞት አለህ!» ከላይ የአንዲት ሴት «ኧረ በቃኝ» ተሰማ፣ ከጎን የአንድ ጎልማሳ «እግዜር ያክብርልኝ፣ ምንም አይል»፤ በሕንፃው ሁሉ እምቢታና ልመና እንደ ሠርግ ቤት ተደበላለቀ። ቀስ በቀስ አንድ በአንድ ሲረቱ ይሰማ ነበር።

«እሺ እንግዲህ» አሉ እትዬ ሶልያና። «ካልክ… ትንሽ።»

ያን ሌሊት ብሎክ ዐሥራ አንድ ሞቀ። ሰዎች በራቸውን ከፍተው ኮሪደር ላይ ቆሙ። ከጎረቤታቸው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ በአንድ ሹራብ ብቻ ተያዩ፤ «ከሳህ እንዴ?» የተባባሉም አሉ። ሲነጋ አስካለ ደወለች። «እማ፣ ቤታችሁ ፈቀደ» አለች።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደምሰው ሚስቱንና ልጁን አድርሶ ዕቃ ሊያመጣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እልልታው ከመግቢያው ጀምሮ እስከ ላይ ተቀባበለ። አስካለ በአዲስ ቀለም በተቀባው ክፍል ውስጥ ተጋደመች። ገንፎውን በላች፤ ጨርሻለሁ ስትል እናቷ ሁለቴ አስደገሟት። ሕፃኗ ፊቷን እንደ ጡጫ ጨብጣ ተኝታለች። ምስሮቹ በቤቱ ውስጥ አራት ትንፋሽ ቆጠሩ፤ አራተኛው የሕፃኗ፣ የወፍ የሚያህል ትንፋሽ ነው።

ማታ ቤቱ ጠየቀ። እምቢ ተባለ፣ ለመነ፣ ጨመረ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠየቀ።

«አይ፣ አሁንስ የእውነት ይበቃል» አሉ እትዬ ሶልያና።

«ኧረ ትንሽ።»

«አልፈልግም እኮ ነው የምልህ!»

«ምን ማለትዎ ነው፣ እትዬ! በሞቴ!» አለና ጨመረ።

ጋሽ ያፌት ሹራባቸውን አወለቁ፣ ከዚያ ሸሚዛቸውን፣ በካናቴራ ቀሩ። የሕፃኗ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። አስካለ መጠቅለያዋን ፈታችላት። ሕፃኗ ተነጫነጨች፣ ከዚያ ፊቷ በርበሬ መስሎ ታለቅስ ጀመር።

«በቃ!» አሉ ጋሽ ያፌት።

«አይግደርደሩ፣ ጋሽ ያፌት» አለ ቤቱ በፍቅር።

መስኮት ሊከፍቱ ሲሄዱ ቤቱ «አራሷን ብርድ ይመታታል፣ አፈር ስሆን» ብሎ አልከፍትም አለ። ቤቱ አሁን እምቢ የሚባል ነገር አይሰማም። የሚነገረው እምቢታ ሁሉ በውስጡ እሺ ያለበት ይመስለዋል፤ ያንን እሺ ፈልጎ እስኪያገኝ አይተኛም። እትዬ ሶልያና ሕፃኗን አቅፈው ክፍሉን ሲዞሩ ጋሽ ያፌት የሺእመቤት ዘንድ ደወሉ።

«ወይ ጉዴ!» አለች የሺእመቤት። «ማቆሚያውን አላስተማርኩትም። የእውነት የጠገበ ሰው ምን ይላል?»

«ይምላል ነዋ!» አሉ ጋሽ ያፌት። «ከማለ በኋላ ማን ያስገድደዋል?»

«እውነትም! አሁኑኑ እነግረዋለሁ። በምትወዱት ሰው ስም ማሉለት።»

ትንሽ ጠብቀው ጋሽ ያፌት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ሶልያናን! በቃን!»

ቤቱ አሰበ። «በእትዬ ሶልያና መማል ያስቸግራል» አለ። «ይበቃል ሲሉ አልበቃቸውም ነበር።»

«ስትሰድበን!» አሉ ጋሽ ያፌት።

ሕፃኗ ትንፋሽ እስኪያጥራት አለቀሰች። እትዬ ሶልያና ጉንጫቸውን ላብ ችፍ ባለበት ግንባሯ ላይ አሳረፉ።

«ትርፌን!» አሉ ድንገት። «ትርፌን! በቃን!»

ቤቱ የነዋሪዎቹን ስም አገላበጠ።

«ትርፌ የምትባል ነዋሪ የለችም» አለ በመጨረሻ።

«አለች» አሉ እትዬ ሶልያና። «ይቺውና፣ እቅፌ ላይ።»

በግድግዳው፣ በጣሪያው፣ በወለሉ ያሉት ምስሮች የወፏን ትንፋሽ አዳመጡ።

«መልካም» አለ ቤቱ።

ግድግዳው ቀስ ብሎ በረደ። መስኮቱ በጠባቡ ተከፈተና አንዲት ቀጭን አየር ገባች። ሕፃኗ አንዴ ሳግ ያዛት፣ ከዚያ ጸጥ አለች።

«እማ» አለች አስካለ ከአልጋዋ። «ስም አወጣሽላት እኮ።»

«እኔ? ኧረ እኔ እቴ! ስም የሚያወጣ እናትና አባት ነው። እኔ ሙቀት ለማስቀነስ ብዬ ነው እንጂ…»

«ትርፌ» አለች አስካለ፣ ስሙን በምላሷ እየሞከረች። «ትርፌ ደምሰው።»

«ካልወደዳችሁት ይቅር። እኔ ምን አገባኝ? አፌ ላይ የመጣልኝን ነው…»

ጋሽ ያፌት በካናቴራ ወደ ሚስታቸው ተጠግተው፣ በአንድ ጣታቸው የሕፃኗን ግንባር ጠረጉ።

«ሶሊ» አሉ። «አትግደርደሪ።»